ሆኩሳይ፡- ከ70 ዓመቱ በኋላ የበሰለው የጃፓን ሠዓሊ

በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁ ሥዕሎች አንዱ የሆነውን የታላቁን ማዕበል ሥዕል የሠራው ጃፓናዊው ካትሱሺካ ሆኩሳይ ነው። ሠዓሊው ይህን ሥራ ለሕዝብ ሲያቀርብ ዕድሜው 70 ዓመት ገደማ የነበረ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥዕሎቹ ታትመው ለገበያ ከቀረቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። ለዚህ ውጤት ያበቁት ሳያቋርጥ ያካሄደው የዕለት ተዕለት የንድፍ ልምምድና ማንም ሳያዝዘው በራሱ ተነሳሽነት የጀመራቸው ሥራዎች መሆናቸውን የሕይወት ታሪኩ ያስረዳል።

ሆኩሳይ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1760 በኤዶ ከተማ፣ ካትሱሺካ በሚባለው አካባቢ ነው። ኤዶ የዛሬዋ ቶኪዮ ስትሆን፣ በዚያን ጊዜ ጃፓንን ያስተዳድሩ የነበሩት ሾጉን የሚባሉት የጦር ገዥዎች መቀመጫ ነበረች። በልጅነቱ ቶኪታሮ ይባል የነበረው ሆኩሳይ ለሾጉኑ ቤተ መንግሥት መስታወት በሚሠራ ባለሙያ ቤት እንዳደገ ይታመናል። የዘመኑ የጃፓን መስታወት ከነሐስ የሚሠራና ጀርባው በጌጥ የሚዋብ በመሆኑ፣ ልጁ ከሥዕል ጋር የተዋወቀው በዚያው ቤት ሳይሆን እንዳልቀረ ይገመታል። ሠዓሊው ራሱም በእርጅናው ዘመን እንደገለጸው፣ የሚያያቸውን ነገሮች ቅርጽ የመሣል ልማድ የያዘው ከ6 ዓመቱ ጀምሮ ነው።

በ12 ዓመቱ ገደማ መጻሕፍት በሚያከራይ ሱቅ ተቀጥሮ ሠርቷል። ከዚያም በ14 ዓመቱ ለሕትመት የሚውሉ ሥዕሎችን በእንጨት ላይ ከሚቀርጽ ባለሙያ ዘንድ ገብቶ ለጥቂት ዓመታት ሙያውን ተምሯል። የዚያን ጊዜው የሕትመት አሠራር የበርካታ ባለሙያዎችን ቅንጅት የሚጠይቅ ነበር። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ በብሩሽ የሠራው ሥዕል በእንጨት ገበታ ላይ ይለጠፋል፤ ቀራጩ መስመሮቹን እየተከተለ እንጨቱን ይፈለፍላል፤ አታሚው ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀለም የተዘጋጀውን ገበታ እየቀባ በወረቀት ላይ ያትማል። በዚህ ሂደት ውስጥ የሠዓሊው የመጀመሪያ ንድፍ ከእንጨቱ ጋር ተቆርጦ ይጠፋል። ሆኩሳይ ሙያውን በቀራጭነት መጀመሩ የብሩሹ መስመር በቢላዋ ሥር ምን እንደሚገጥመው ጠንቅቆ እንዲያውቅ አድርጎታል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ለአሳታሚዎች በጻፋቸው ደብዳቤዎች ቀራጮቹ የሰውን ዓይንና አፍንጫ እንደ ልማዳቸው ሳይሆን እሱ እንደሣለው እንዲቀርጹ አጥብቆ ያሳስብ ነበር።

ወጣቱ በ18 ዓመቱ ገደማ የቲያትር ተዋንያንን በመሣል ስመ ጥር በነበረው በካትሱካዋ ሹንሾ የሥዕል ማዕከል ውስጥ በተማሪነት ተቀጠረ። በቀጣዩ ዓመት በ1779 ሹንሮ በሚል ስም የመጀመሪያ ሥራዎቹን ለሕትመት አበቃ። በዚህ ማዕከል ከአሥር ዓመት በላይ ሲቆይ የተዋንያንን፣ የትግል ስፖርተኞችንና የቆነጃጅትን ሥዕል እንዲሁም የርካሽ መጻሕፍትን ሥዕላዊ መግለጫ በማዘጋጀት አሳልፏል። ሥራዎቹ ጥሩ ችሎታ ያለው ባለሙያ መሆኑን የሚያሳዩ ቢሆኑም፣ በዘመኑ ከነበሩት በርካታ ሠዓሊያን በእጅጉ የሚለዩት አልነበሩም።

መምህሩ ካረፈ በኋላ ሆኩሳይ ማዕከሉን ለቆ ወጣ። የሥዕል ሙያ በመምህርና በደቀ መዝሙር ሰንሰለት በሚመራበት በዚያ ዘመን ከአንድ ወገን መውጣት ስምንም ገቢንም ማጣት ማለት ነበር። በዚህ ወቅት ኑሮውን ለመደጎም በኤዶ ጎዳናዎች ላይ በርበሬና የቀን መቁጠሪያ እያዞረ ይሸጥ እንደነበር ይነገራል። ያም ሆኖ ከችግሩ ጎን ለጎን የሌሎችን ወገኖች አሣሣል ማጥናቱን ቀጠለ። የቻይናን የአሣሣል ስልት መረመረ፤ በናጋሳኪ ወደብ በኩል በኔዘርላንድ ነጋዴዎች አማካይነት ይገቡ ከነበሩት የአውሮፓ ሕትመቶችም ሩቅና ቅርብን ለይቶ የማሳየትን ጥበብ ቀሰመ።

ሠዓሊው አዲስ የአሠራር ምዕራፍ በከፈተ ቁጥር ስሙን ይለውጥ ነበር። በሕይወት ዘመኑ ከ30 በላይ የሙያ ስሞችን የተጠቀመ ሲሆን፣ ከሰሜን ኮከብ ጋር የተያያዘውን ሆኩሳይ የሚለውን ስም የያዘው በ1798 አካባቢ ነው። የቀድሞ ስሞቹን ለተማሪዎቹ ይሰጥ ስለነበር በእያንዳንዱ ለውጥ የገነባውን ዝና ለሌላ ትቶ እንደ ጀማሪ ይነሣ ነበር። መኖሪያ ቤቱንም 93 ጊዜ እንደቀያየረ በሕይወት ታሪኩ ላይ ተመዝግቧል።

የንድፍ ልምምዱ ፍሬ በሰፊው የታየው በ1812 ወደ ናጎያ ከተማ ባደረገው ጉዞ ነው። በዚያ ከአንድ ተማሪው ቤት በእንግድነት ተቀምጦ ከ300 በላይ ንድፎችን የሠራ ሲሆን፣ እነዚህ ንድፎች ተሰባስበው የመጀመሪያው የሆኩሳይ ማንጋ መጽሐፍ በ1814 ታተመ። መጽሐፉ ከፍተኛ ተፈላጊነት በማግኘቱ ተከታታይ ክፍሎች የወጡለት ሲሆን፣ 15ኛውና የመጨረሻው ክፍል የታተመው ሠዓሊው ካረፈ ከ29 ዓመታት በኋላ በ1878 ነው። በአጠቃላይ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ምስሎችን የያዘው ይህ ስብስብ በዛሬው ዘመን ማንጋ ተብለው እንደሚጠሩት የጃፓን ሥዕላዊ ልብ ወለዶች ተያያዥ ታሪክ የሚተርክ አይደለም። የንድፍ መጽሐፍ ነው።

በገጾቹ ላይ ገላቸውን የሚታጠቡ ሰዎች፣ ሸክም የተሸከሙ ሠራተኞች፣ ወፍራሞችና ቀጫጮች፣ ዓይነ ስውራን፣ ነፋስ ልብሳቸውን የሚገፍባቸው መንገደኞች፣ ዓሦች፣ ነፍሳት፣ ዕፀዋት፣ የቤት ጣሪያዎች፣ ድልድዮች፣ የጦር መሣሪያዎችና በዓይን ታይተው የማያውቁ መናፍስት ጭምር ተሥለዋል። ሆኩሳይ አንድን ድርጊት በአንድ አቀማመጥ ብቻ አይተወውም። የሚጨፍረውን ሰው ከመነሻው እስከ መጨረሻው እርምጃ እየተከታተለ ይሥለዋል። ያላየውን ፍጡር ለመሣል ደግሞ ካየውና ደጋግሞ ካጠናው የእንስሳት አካል ይነሣል። በዚህም ምክንያት ምናባዊ አውሬዎቹ ክብደትና አጥንት ያላቸው መስለው ይታያሉ።

መጻሕፍቱ ለተማሪዎችና ለዕደ ጥበብ ባለሙያዎች የአሠራር መመሪያ እንዲሆኑ ታስበው የተዘጋጁ ናቸው። ሠዓሊው በተመሳሳይ ዓላማ በ1812 ባሳተመው የፈጣን አሣሣል መማሪያ ማንኛውም ቅርጽ በክብና በቀጥታ መስመር ላይ ተመሥርቶ ሊሠራ እንደሚችል በኮምፓስና በማስመሪያ አስረድቷል። በ1815 ጭፈራን ያለ አስተማሪ በደረጃ የሚያስለምድ መጽሐፍ፣ በ1823 ደግሞ የፀጉር ማበጠሪያና የትምባሆ ማጨሻ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚገለገሉበት የጌጥ ንድፍ በሦስት ክፍሎች አዘጋጅቷል። በዛሬው ዘመን ለፊልም፣ ለአኒሜሽንና ለኮምፒዩተር ጨዋታ የገጸ ባሕርያትን፣ የአልባሳትንና የሥፍራዎችን የመነሻ ንድፍ የሚያዘጋጁ ሠዓሊያን የሚያከናውኑት ተግባር ከዚህ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። እነሱም እንደ ሆኩሳይ ሌላው ባለሙያ እውን የሚያደርገውን ነገር ቀድመው በወረቀት ላይ የሚያሳዩ ናቸው።

ሠዓሊው በአደባባይ ትርዒትም ይታወቅ ነበር። በ1817 በናጎያ ከተማ ሕዝብ በተሰበሰበበት የቡድሃ እምነት መነኩሴ የሆነውን የዳሩማን ምስል 18 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ወረቀት ላይ ሥሎ አሳይቷል። የዚህ ዓይነቱ ትርዒት ዝናውን ቢያስፋፋለትም ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከተመልካች ርቆ ያንኑ ርዕሰ ጉዳይ ደጋግሞ በመሥራቱ ነው።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ የማዕበል ሥዕሎቹ ናቸው። በ1797 ባሳተመው ሥዕል ላይ በኤኖሺማ የባሕር ዳርቻ የቆሙ ሰዎች፣ ከጎናቸው መጠነኛ ማዕበል፣ ከሩቅ ደግሞ የፉጂ ተራራ ይታያል። በዚህ ሥዕል ውስጥ ባሕሩ ለሰዎቹ ማጀቢያ ከመሆን አያልፍም። በ1803 አካባቢ በሠራው ሥዕል ማዕበሉ ከጀልባ በላይ ከፍ ብሎ ሊደፋ የተቃረበ ቢሆንም ከውኃ ይልቅ እንደ አለት የከበደ ነው። ከሁለት ዓመታት ገደማ በኋላም ጭነት የያዙ ጀልባዎች ከማዕበል ጋር ሲታገሉ የሚያሳይ ሌላ ሥዕል አዘጋጀ። ሦስቱም ሥራዎች ሠዓሊው የሚፈልገውን ነገር ገና እንዳላገኘው ያመለክታሉ። ጉዳዩን ግን አልተወውም። የውኃን እንቅስቃሴ በንድፍ መጻሕፍቱ ውስጥ እየመላለሰ ማጥናቱን ለሩብ ምዕተ ዓመት ቀጠለ።

ይህ ጥረት ፍሬ ከማፍራቱ በፊት ግን ከባድ ችግሮች ተደራረቡበት። በ60ዎቹ የዕድሜው ማብቂያ ላይ ስትሮክ እንደነበር የሚገመት ሕመም አገኘው። በ1828 ባለቤቱ አረፈች። የልጅ ልጁ በቁማር የገባበትን ዕዳ ለመክፈል ሲሯሯጥ ያለው ጥሪት ተሟጠጠ። በ70 ዓመቱ ገንዘብም ደህና ልብስም እንዳልነበረው የዘመኑ ደብዳቤዎች ያመለክታሉ። ከሕመሙ አገግሞ እንደገና ብሩሽ ሲያነሣ የነበረበት ሁኔታ ይህ ነበር።

የፉጂ ተራራ 36 ገጽታዎች በሚል ርዕስ የታወቀው ተከታታይ ሥራ ከ1830 ጀምሮ መውጣት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። አሳታሚው ኒሺሙራያ ዮሃቺ ሲሆን፣ ሥዕሎቹ በገዢዎች ዘንድ በመወደዳቸው 10 ተጨምረው ቁጥራቸው 46 ደርሷል። በወቅቱ በጀርመን አገር የተፈጠረው የፕሩሺያ ሰማያዊ የተባለው ቀለም በናጋሳኪ በኩል እየገባ ዋጋው ረክሶ ስለነበር፣ ሆኩሳይና አሳታሚው ለባሕሩና ለሰማዩ በስፋት ተጠቅመውበታል። የአንዱ ሕትመት ዋጋ ከሁለት ሳህን ፓስታ መሰል የጃፓን ምግብ ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ ሥዕሎቹ ከመኳንንቱ ቤት አልፈው ተራው የከተማ ነዋሪ እጅ ሊገቡ ችለዋል።

በ1831 አካባቢ የወጣው ታላቁ ማዕበል የዚሁ ስብስብ አካል ነው። በሥዕሉ ላይ ዓሣ በፍጥነት ለማመላለስ የሚያገለግሉ ሦስት ጀልባዎች ከግዙፍ ማዕበል ሥር ሆነው ይታያሉ። ቀዛፊዎቹ ጎንበስ ብለው ከጀልባዎቹ ጋር ተጣብቀዋል። የማዕበሉ ጫፍ እንደ ጥፍር ተከፋፍሎ ሊወርድባቸው ሲያንዣብብ፣ የጃፓን ትልቁ ተራራ ፉጂ ግን በሥዕሉ መሃል ከሩቅ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ከ30 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ በኤኖሺማው ሥዕል ላይ የነበሩት ማዕበሉ፣ ሰዎቹና ተራራው እዚህም አሉ። የተለወጠው የእያንዳንዳቸው መጠንና ሥፍራ ሲሆን፣ እንደ አለት የከበደው ማዕበልም አሁን የሚንቀሳቀስ ውኃ ሆኗል።

ይህ ስኬት ሠዓሊውን አላረካውም። በ1834 የታተመውን የፉጂ ተራራ 100 ገጽታዎች የተሰኘ መጽሐፉን ሲያጠናቅቅ ከ70 ዓመቱ በፊት ከሠራው ሁሉ ከቁም ነገር የሚቆጠር እንደሌለ ጽፏል። የእንስሳትንና የዕፀዋትን ተፈጥሯዊ አሠራር በመጠኑ መረዳት የጀመረው በ73 ዓመቱ መሆኑን ገልጾ፣ በ80፣ በ90 እና በ100 ዓመቱ ሊደርስበት የሚሻውን ደረጃ በቅደም ተከተል ዘርዝሯል። በ110 ዓመቱም የሚያሳርፋት እያንዳንዷ ነጥብ ሕይወት እንዲኖራት ያለውን ምኞት አስፍሯል። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ራሱን የጠራው በሥዕል ያበደ ሽማግሌ የሚል ትርጉም ባለው ስም ነው።

ቀጣዮቹ ዓመታትም ቀላል አልነበሩም። ከ1833 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ጃፓንን የመታው ረሃብ የሕትመት ገበያውን አዳከመው። በ1839 ደግሞ መኖሪያ ቤቱ በእሳት ወድሞ ከወጣትነቱ ጀምሮ ያጠራቀማቸው ንድፎች አብረው ተቃጠሉ። በ80 ዓመቱ ገደማ የዕድሜ ልክ የሥራ መዝገቡን በአንድ ጊዜ አጣ። ከእሳቱ በኋላ ግን ብሩሹን አላስቀመጠም።

ይልቁንም ከ1842 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ልማድ ያዘ። በየማለዳው ከሌላው ሥራ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ አንበሳ ወይም የአንበሳ ጭፈራ የሚጨፍር ሰው ይሥል ነበር። የሥራው ዓላማ የዕለቱን ክፉ ነገር ለማራቅ እንደሆነ የሚገለጽ ሲሆን፣ ለዚህም የልጅ ልጁ ያደረሰበት ጭንቀት ምክንያት ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል። ሥዕሎቹን ያዘዘም ሆነ የሚከፍልባቸው ሰው አልነበረም። ሠርቶ ሲጨርስ ወረቀቱን ጨማድዶ ወደ ውጭ ይጥለው እንደነበርና ልጁ እያነሣች ታስቀምጥለት እንደነበር ይነገራል። ከእነዚህ የማለዳ ሥራዎች መካከል 219 ያህሉ እስካሁን ተጠብቀው ቆይተዋል። አንበሶቹ አንዳቸውም ከሌላው ጋር አይመሳሰሉም። አንዱ ይዘላል፣ ሌላው ይተኛል፣ ሌላው ደግሞ ነፋስ እየገፋው ይሄዳል።

ወረቀቶቹን ያነሣች የነበረችው ልጁ ኦይ ራሷም የታወቀች ሠዓሊ ነበረች። ከትዳሯ ከተፋታች በኋላ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ እስከ ዕለተ ሞቱ አብራው የሠራች ሲሆን፣ በስተርጅና ዘመኑ ከወጡት ሥራዎች በአንዳንዶቹ ላይ የእሷ እጅ እንዳለበት ተመራማሪዎች ያምናሉ።

ሆኩሳይ በራሱ ተነሳሽነት ያካሄዳቸው ሥራዎች ስፋት ምን ያህል እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ በ2020 ለሕዝብ ይፋ ሆኗል። የእንግሊዝ ብሔራዊ ሙዚየም በዚያ ዓመት የገዛቸው 103 ንድፎች ስለ ሁሉም ነገር ለሚገልጽ አንድ ትልቅ ሥዕላዊ መጽሐፍ የተዘጋጁ ናቸው። ንድፎቹ የጥንታዊ ሕንድንና የቻይናን ታሪኮች፣ እንስሳትንና የተፈጥሮ ክስተቶችን ያካተቱ ሲሆን፣ መጽሐፉ ግን ሳይታተም ቀርቷል። ንድፎቹ ሊተርፉ የቻሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሥራው ለሕትመት በቅቶ ቢሆን ኖሮ በእንጨት ላይ ተለጥፈው በቀራጩ ቢላዋ ይጠፉ ነበር።

ሠዓሊው ከ80 ዓመቱ በኋላ ከኤዶ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ኦቡሴ ወደተባለች ከተማ በተደጋጋሚ ተጉዟል። በዚያም ታካይ ኮዛን በተባለ ባለሀብት ድጋፍ ለበዓል በሚወጡ ሠረገላዎች ጣሪያ ላይ ዘንዶ፣ ፊኒክስ የተባለውን ምናባዊ ወፍና ማዕበል ሥሏል። በከተማዋ የሚገኘውን የጋንሾ ኢን ቤተ መቅደስ ጣሪያ ያስጌጠው ግዙፉ የፊኒክስ ሥዕልም የእሱ ሥራ ነው። በ1848 ደግሞ የቀለም አዘገጃጀትና አጠቃቀምን የሚያስተምር መጽሐፍ ለጀማሪዎች አሳትሟል።

ሆኩሳይ በግንቦት ወር 1849 በኤዶ ከተማ አሳኩሳ በተባለው ሠፈር አረፈ። በጊዜው የጃፓን ልማድ ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመት ተብሎ ይቆጠር ስለነበር ዕድሜው 90 ዓመት ነበር። በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ሰማይ አምስት ዓመት ቢጨምርለት እውነተኛ ሠዓሊ ሊሆን ይችል እንደነበር በቁጭት እንደተናገረ ይተረካል። በሕይወት ዘመኑ የሠራቸው ሥዕሎችና ንድፎች ወደ 30 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል።

ጃፓን ሠዓሊው ካረፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሯን ለውጭ ንግድ ስትከፍት ሥራዎቹ ወደ አውሮፓ በብዛት ገቡ። ክሎድ ሞኔና ቪንሰንት ቫን ጎግን የመሳሰሉ ሠዓሊያን የጃፓን ሕትመቶችን ሰብስበው አጥንተዋል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ክሎድ ደቡሲ በ1905 ባሳተመው ባሕር የተሰኘ ድርሰቱ ሽፋን ላይ ታላቁን ማዕበል መነሻ ያደረገ ምስል ወጥቷል። በአገሩም በተወለደበት አካባቢ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም በ2016 ተከፍቷል። ታላቁ ማዕበል ደግሞ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በጃፓን የ1 ሺህ የን የገንዘብ ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ አገልግሎት ላይ ውሏል።

የሆኩሳይ ሕይወት በሙያው መሻሻል ለሚፈልግ ሁሉ ግልጽ ትምህርት ይሰጣል። ሥዕሎቹን የገዛው ሕዝብ ያየው የተጠናቀቀውን ሥራ ብቻ ነው። ከዚያ ሥራ ጀርባ የነበሩት የማለዳ አንበሶች፣ በእሳት የጠፉት ንድፎች፣ ሳይታተም የቀረው መጽሐፍና ከ30 ዓመታት በላይ ደጋግሞ የታረመው ማዕበል ግን ማንም ያላዘዛቸው፣ ማንም ያልተቆጣጠራቸው ሥራዎች ነበሩ። ሠዓሊው ለታላቅነት የበቃውም በእነዚሁ አማካይነት ነው።